ጀነት በሥራ ነው ወይስ በእዝነት?



የካቶሊክ ክርስቲያኖች ስለ መዳን የሚያስተምሩትን ለሙስሊም አንባቢ መጻፍ ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። መልሱን ከአንድ ለቅሶ ቤት ልጀምር።

አጎቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከወጣትነቱ ጀምሮ ሶላት ትቶ፣ መጠጥ ለምዶ፣ ቤተሰቡን አስቀይሞ የኖረ ሰው ነው። በመጨረሻ ሕመም አልጋ ላይ ሲጥለው ግን ተመለሰ። አርባ ቀን ያህል በተኛበት በምልክት እየሰገደ፣ የበደላቸውን ሰዎች እያስጠራ "አውፍ በሉኝ" እያለ፣ የሰው ዕዳ እያስከፈለ ቆየና ሞተ። አላህ ይዘንለት።

በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ከተቀመጡት አንዱ ለጎኑ ሰው ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። "ሐጅ አላደረገ፤ መስጊድ አላሠራ፤ ሶላቱንም የጀመረው ሊሞት ሲል ነው። እንግዲህ ምን ይዞ ይሄዳል?" አለ። ወሬ እግር አለውና ጓዳ ድረስ ገብቶ አያቴ ጆሮ ደረሰ። አያቴ አስጠራችኝና "አንተ የተማርከው ልጄ፣ እስቲ ንገረኝ፤ ልጄ ምን ይዞ ሄደ?" አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መመረቄ ለዚያች ጥያቄ አልጠቀመኝም። ዝም አልኩ።

በዚያው ዕለት ሊያስተዛዝነን ከመጡት መካከል የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ይገኝበት ነበር። የእምድብር ልጅ፣ ካቶሊክ ነው። ገብቶ አያቴን በጉራጊኛ ካጽናናት በኋላ ልሸኘው ወጣሁ። መንገድ ላይ የሆነውን ነገርኩትና "መቼም እናንተ ዘንድ ቢሆን ጥያቄው ቀላል ነው፤ መዳን በሥራ ነውና አጎቴ አበቃለት ትላላችሁ" አልኩት። ፈገግ አለና "አንተ ዛሬም እዚያው ነህ? ዶርም እያለንም እኮ ጀምሬ አላስጨረስከኝም" አለኝ።

እውነቱን ነው። የተማሪዎች መኖሪያ ውስጥ ስንከራከር "እናንተ ጀነትን በገንዘብ የሸጣችሁ" ብዬ በሳቅ አፉን አስይዤው ነበር። ስለ ሃይማኖቱ የማውቀው ከታሪክ ደብተር የሸመደድኩትን አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ሌላውን ሰው ባላለው ነገር መክሰስ በእኛም ሃይማኖት በደል ነው። ስለዚህ ካቶሊኮች በእርግጥ ምን እንደሚሉ ለማወቅ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት ከጠበቅሁት የተለየ ነበር፤ ለአያቴ ጥያቄም ሳላስበው መንገድ ከፈተልኝ።

ሁለት የተሳሳቱ ወሬዎች

በእኛ ዘንድ ስለ ክርስቲያኖች መዳን ሁለት እርስ በርሳቸው የሚጋጩ ወሬዎች አሉ። አንደኛው "እነሱ ማመን ብቻ ይበቃል ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ እንዳሻቸው ይኖራሉ" የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ "ካቶሊኮች በሥራና በገንዘብ ጀነትን ይገዛሉ" የሚል ነው። ካቶሊኮችን በተመለከተ ሁለቱም ስሕተት ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት አንድ ቃል ማወቅ ያስፈልጋል። ቃሉ "ጸጋ" የሚለው ነው። ጸጋ ማለት ፈጣሪ ለማይገባው ሰው ያለ ዋጋ የሚሰጠው ስጦታ፣ በውስጡም የሚያሳድረው ኃይል ነው። በእኛ አነጋገር "ፈድል" ለምንለው ይቀርባል። የካቶሊክ ትምህርት ሁሉ በዚህ ቃል ዙሪያ ይሽከረከራል። እምነትና ሥራ የሚመጡት ከእሱ ቀጥሎ ነው።

ክርክሩ የተጀመረው ገና በጥንት ዘመን ነው። በአራተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ፔላጊዮስ የሚባል ከብሪታንያ የመጣ መነኩሴ ሮም ውስጥ ያስተምር ነበር። ፔላጊዮስ ክፉ ሰው አልነበረም። የሮም ክርስቲያኖች "ደካሞች ነን፣ ምን እናድርግ" እያሉ በኃጢአት መኖራቸው አንገበገበው። ስለዚህ ሰው በተፈጥሮው መልካሙን የመምረጥ ሙሉ ችሎታ አለው፣ ከፈለገ ትእዛዛቱን መፈጸም ይችላል ብሎ አስተማረ። በእሱ አመለካከት የአምላክ እርዳታ ማለት የተሰጠን አእምሮ፣ ሕጉና መልካም አርአያዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው የራሳችን ድካም ነው።

የተቃወመው አውጉስጢኖስ ነው። አውጉስጢኖስ እ.ኤ.አ. በ354 ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር የተወለደ፣ በዚያው የሂፖ ከተማ ጳጳስ ሆኖ በ430 የሞተ የሰሜን አፍሪካ ሰው ነው። ወጣትነቱን በዝሙትና በክብር ፍለጋ አሳልፏል። መጥፎ መሆኑን እያወቀ መተው እንዳቃተው ራሱ ጽፏል። ስለዚህ ለፔላጊዮስ የሰጠው መልስ ከሕይወቱ የወጣ ነበር። ማወቅና መቻል አንድ አይደሉም፤ ፈቃዳችን ራሱ ታሟልና ሐኪም ያስፈልገዋል አለ። በ418 በካርቴጅ የተሰበሰቡ ጳጳሳት የፔላጊዮስን ትምህርት አወገዙ። በ529 ደግሞ ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ባለችው በኦራንዥ ከተማ የተደረገ ጉባኤ አንድ እርምጃ ቀጠለ። ማመን መጀመር፣ ወደ አምላክ ለመመለስ መፈለግ እንኳ ከጸጋ የሚመጣ ነው እንጂ ሰው ቀድሞ ጀምሮት አምላክ የሚያግዘው አይደለም ሲል ወሰነ።

እንግዲህ ልብ በሉ። "ካቶሊክ በሥራ እድናለሁ ይላል" የሚለው አባባል ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ከአንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመት በፊት ያወገዘችው ትምህርት ነው።

ገንዘቡስ?

ታዲያ የገንዘቡ ነገር ከየት መጣ? ይህ ተረት አይደለም፤ ተደርጓል። ግን ምን እንደተደረገ በትክክል እንየው።

በካቶሊክ ትምህርት ኃጢአት ሁለት መዘዝ አለው። አንዱ ከአምላክ መለያየት ነው። ይህ በንስሐና በኑዛዜ ይቅር ይባላል። ሁለተኛው ኃጢአቱ የተወው ጠባሳና ቅጣት ነው። ይህ እዚህ በምድር ወይም ከሞት በኋላ በመንጻት ሥፍራ ይከፈላል። ቤተ ክርስቲያን የዚህን የሁለተኛውን ቅጣት በጸሎት፣ በምጽዋት፣ በንግደት ልትቀንስ ትችላለች ተባለ። በመርሑ የቅጣት ምሕረት ይቅር ያልተባለን ኃጢአት አይፍቅም። ይሁንና ምጽዋት ወደ ክፍያ፣ ክፍያም ወደ ንግድ ተቀየረ።

በ1517 ዮሐን ቴትዝል የሚባል መነኩሴ በጀርመን አገር እየዞረ የቅጣት ምሕረት ደብዳቤ ሲያድል፣ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ግማሹ ሮም ላይ ለሚሠራው የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ነበር። ግማሹ ደግሞ የማይንዙ ሊቀ ጳጳስ ሹመቱን ለማግኘት ከፉገር ባንክ ቤት የተበደረውን ዕዳ ለመክፈል ይውል ነበር። ድሃው ለሞተች እናቱ ብሎ ከጉሮሮው ነጥቆ ይከፍላል፤ ገንዘቡ ባንክ ቤት ይገባል። ማርቲን ሉተር የተነሳው በዚህ ነው። ሃይማኖቱ ምንም ይሁን፣ በዚህ ያልተቆጣ ሰው ሕሊና አለው ማለት ያስቸግራል።

ሆኖም ፍትሕ ከሆነ ቀጣዩንም መናገር ግድ ይላል። ቤተ ክርስቲያኗ እርምት አድርጋለች። የትሬንት ጉባኤ በ1563 በዚህ መንገድ ገንዘብ መሰብሰብ እንዲቀር አዘዘ። በ1567 ፖፕ ፒዮስ አምስተኛ ክፍያ ያለባቸውን የምሕረት ፈቃዶች ሰረዙ። አንድ ነገር ግን ረጅም ዘመን ቆየ። ይኸውም ቆጠራው ነው። በጸሎት መጻሕፍት ላይ "ይህን የጸለየ የመቶ ቀን፣ ያን የጸለየ የሦስት መቶ ቀን ምሕረት ያገኛል" እየተባለ ይታተም ነበር። ይህን የቀንና የዓመት ቁጥር ያስቀሩት ፖፕ ጳውሎስ ስድስተኛ ናቸው፤ ያስቀሩትም በ1967 ነው። የቅጣት ምሕረት ትምህርት ዛሬም አለ፤ የቀረው ቁጥሩ ነው። ቁጥር ቶሎ ወደ ሰው ልብ ይገባል፤ ለመውጣት ግን መቶ ዓመታት ይፈጅበታል። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ እኛ ስመለስ ያስፈልገኛል።

ትሬንት ምን ወሰነ?

ሉተር የወሰደው መደምደሚያ ሰው የሚጸድቀው በእምነት ብቻ ነው የሚል ነበር። መልካም ሥራ የዛፍ ፍሬ ነው፣ ከዛፉ ይወጣል እንጂ ዛፉን ዛፍ አያደርገውም ማለቱ ነው። ሉተር በየካቲት 1546 ሞተ። የካቶሊክ ጳጳሳት በትሬንት ተሰብስበው መልሳቸውን ያጸደቁት ከእሱ ሞት አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 1547 ነበር። ውሳኔው 33 ውግዘቶችን ይዟል። ከሁሉ በፊት የተወገዘው ማን ይመስላችኋል? ሉተር አይደለም። ያለ ጸጋ በራሱ ሥራ መጽደቅ ይቻላል የሚል ሰው ነው። "በእምነት ብቻ" የሚለው የተወገዘው ዘጠነኛ ላይ ነው።

የትሬንትን ትምህርት በአጭሩ በአራት ነጥብ ማስቀመጥ ይቻላል። አንደኛ፣ ጅምሩ የአምላክ ነው። ሰው ያለ ምንም ቅድሚያ ዋጋ በጸጋ ይጠራል። ሁለተኛ፣ ሰው ግዑዝ አይደለም። ጥሪውን መቀበልም መግፋትም ይችላል። ሦስተኛ፣ እምነት የመዳን መጀመሪያና ሥር ነው፤ ነገር ግን ፍቅርና ሥራ ከሌለው የሞተ ነው። ከባድ ኃጢአት የሠራ ሰው እምነቱ ቢቀርለትም ጸጋውን ያጣል። አራተኛ፣ በጸጋ ውስጥ ሆኖ የተሠራ መልካም ሥራ በእርግጥ ዋጋ አለው። ሆኖም ዋጋ እንዲኖረው ያደረገው ስጦታው ነው። አምላክ ሽልማት ሲሰጥ የራሱን ስጦታ ይሸልማል የሚለው የአውጉስጢኖስ አሳብ እዚህ ላይ ይመጣል።

ይህ ረቂቅ መስሎ ከታየ ወደ መርካቶ እንውረድ። አንድ ባለ ሱቅ ከገጠር የመጣ ልጅ ያገኛል። ልጁ ምንም የለውም። ባለ ሱቁ መደብር ከፍቶ፣ ዕቃ ሞልቶ፣ ንግድ አስተምሮ "ሥራ" ይለዋል። በዓመቱ ትርፍ ተገኘ። ትርፉ የማን ነው? ፔላጊዮስ ቢጠየቅ "ሰውየው ምክርና ጉልበት ነው የሰጠው፤ ትርፉ የልጁ ላብ ነው" ይላል። ሉተር "ልጁ የከሰረ ባለዕዳ ነበር፤ ዕዳውን ሌላ ከፍሎለታል፤ እሱ ማመንና መቀበል ብቻ ነው ያለበት፤ መሥራቱ የምስጋና ነው" ይላል። ካቶሊኩ ደግሞ "መነሻውም፣ መደብሩም፣ ሙያውም የባለ ሱቁ ነው፤ ልጁ ግን ተጋድሞ ቢውል ኖሮ ትርፍ አይኖርም ነበር። ስለዚህ ድርሻው እውነተኛ ድርሻ ነው፤ ነገር ግን ባለ ሱቁን 'አለብህ ክፈለኝ' የሚልበት አፍ የለውም" ይላል።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ነጥብ አለ። ትሬንት ማንም ሰው የተለየ መገለጥ ካልተሰጠው በቀር "እኔ ለመዳን ተመርጫለሁ" ብሎ በፍጹም እርግጠኝነት ሊናገር አይችልም አለ። በካቶሊክ ትምህርት ተስፋ መቁረጥ ኃጢአት ነው፤ ያለ ንስሐ እድናለሁ ብሎ መዘናጋትም ኃጢአት ነው። በ1431 ፈረንሳይ ውስጥ ሩዋን ከተማ ላይ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጃገረድ የነበረችው ዣን ዳርክ ለፍርድ ስትቀርብ፣ ዳኞቹ በጸጋ ውስጥ እንዳለች ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት። ወጥመድ ነበር። አዎ ብትል ትዕቢት፣ አይደለሁም ብትል ኃጢአተኝነቷን ማመን ይሆንባታል። እሷ ግን ከሌለሁበት አምላክ ያግባኝ፣ ካለሁበትም ያቆየኝ የሚል መልስ ሰጠች። ፊደል ያልቆጠረች የገበሬ ልጅ የሊቃውንቱን ትምህርት በአንድ አፍ ዘጋችው። በፍርሃትና በተስፋ መካከል፣ በኸውፍና በረጃእ መካከል መኖርን ለተማረ ሙስሊም ይህ መልስ እንግዳ አይደለም።

ከእሷ በኋላ ደግሞ በ1897 ገና በሃያ አራት ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ የሞተችው የሊዝየዋ ትሬዛ አለች። መነኩሴ ነበረች። ሥራዋ ማጠብ፣ መጥረግ፣ መጸለይ ነበር። በሕይወቷ ማምሻ በፈጣሪ ፊት ባዶ እጄን እቀርባለሁ፣ ሥራዬን ቁጠርልኝ አልልም የሚል አሳብ ጻፈች። ይህች ሴት በ1997 ከቤተ ክርስቲያኗ ታላላቅ መምህራን ተርታ ተመደበች። "በሥራ እንድናለን ይላሉ" የምንላቸው ሰዎች ባዶ እጇን ያቀረበችውን ሴት መምህራችን ናት አሉ።

ያልተቋጨው ክርክር

ይህ ማለት ካቶሊኮች ጥያቄውን ፈትተው ጨርሰዋል ማለት አይደለም። ጸጋ ቀድሞ የሚመጣ ከሆነ አንዱ ተነክቶ ሲመለስ ሌላው ለምን አይመለስም? ሰውየው ስለ እምቢ አለ ነው ወይስ ጸጋው ስላልበረታለት? በዚህ ላይ የዶሚኒካን መነኮሳትና ኢየሱሳውያን ተፋጠጡ። ኢየሱሳዊው ሞሊና በ1588 ለሰው ነፃ ፈቃድ የሚያደላ መጽሐፍ አወጣ። ዶሚኒካኑ ባኔዝ የአምላክን ቀዳሚነት ይዞ ተከራከረው። አንዱ ሌላውን ፔላጊዮስ፣ ሌላውም አንዱን ካልቪን ይለው ጀመር። ሮም ላይ ከ1598 ጀምሮ ለዘጠኝ ዓመታት ተመረመረ። በመጨረሻ በ1607 ፖፕ ጳውሎስ አምስተኛ ማንንም አሸናፊ ሳያደርጉ ክርክሩን አቆሙት፤ አንዱ ወገን ሌላውን መናፍቅ እንዳይል አሳሰቡ። ጉዳዩ እስከ ዛሬ አልተወሰነም።

ስለ ቀደር የተነሳውን የእኛን ክርክር ለሚያውቅ ይህም አዲስ አይደለም። የሰው አእምሮ የሚደርስበት ድንበር አለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በጩኸት ማሸነፍ አይቻልም።

ከሉተራውያን ጋር የነበረው ጠብ ግን ለዝቧል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1999 በጀርመን አውግስበርግ ከተማ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጋራ መግለጫ ፈረሙ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አባል የሆነችበት ፌዴሬሽን ነው። ሰው በፈጣሪ ዘንድ ተቀባይነት የሚያገኘው በራሱ ብቃት ሳይሆን በጸጋ ነው፤ ጸጋውም ለመልካም ሥራ ያዘጋጀዋል በሚለው ተስማምተናል አሉ። ልዩነት ሁሉ ጠፋ አላሉም። ግን ለአራት መቶ ሃምሳ ዓመታት ገደማ ደም ያፋሰሰ ውግዘት፣ ዛሬ ሌላው ወገን የሚያስተምረውን አይመለከትም ተባባሉ። አንዱ የሌላውን ቃል እስኪጨርስ ቢያደምጥ ኖሮ ስንቱ ይተርፍ ነበር!

የምንለያይበትና የምንገናኝበት

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ነገር እንዳይደበላለቅ ግልጽ ላድርግ። በካቶሊኮች ዘንድ ጸጋ የሚመጣው ዒሳ (ዐ.ሰ) ተሰቅለው ሞቱ፣ የሰውን ኃጢአት ተሸከሙ በሚለው እምነት በኩል ነው። ጸጋው የሚታደለውም በጥምቀት፣ በቁርባን፣ በኑዛዜ ነው። ከአደም (ዐ.ሰ) የወረድነው ጥፋት አለ ይላሉ። እኛ ይህን አንቀበልም። ሰው በፊጥራ ይወለዳል፣ አንዲት ነፍስ የሌላዋን ኃጢአት አትሸከምም፣ በባሪያውና በጌታው መካከል አማላጅ ካህን የለም እንላለን። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም፤ በመቻቻል ስም ማድበስበስም ለሁለቱም ወገን ክብር አይሆንም። እነሱም በበኩላቸው በ1964 በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ ያለ ጥፋቱ ወንጌልን ያላወቀ ነገር ግን በቅን ልብ አምላክን የሚሻ ሰው ሊድን ይችላል፣ ከእነዚህም መካከል አንዱን አምላክ የሚያመልኩ ሙስሊሞችን በስም ጠቅሰዋል። ይህንንም ማወቅ ደግ ነው።

ጥያቄው ግን የጋራ ነው። መልካም ሥራዬ የማን ነው? በቁርኣን ጀነት የሚገቡት ትሠሩት በነበራችሁት ግቡ እንደሚባሉ እናውቃለን። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማንም በሥራው ጀነት እንደማይገባ፣ እሳቸውም ቢሆኑ አላህ በእዝነቱ ካልሸፈናቸው በቀር እንደማይገቡ አስተምረዋል። ሁለቱ ይጋጫሉ? ኢብኑ ተይሚያና ተማሪያቸው ኢብኑል ቀይዪም ሲያስረዱ፣ ሥራ የጀነት ሰበብ ነው፣ የጀነት ዋጋ ግን አይደለም ይላሉ። ቁልፍ በር ይከፍታል፤ ቤት ግን አይገዛም እንደማለት ነው። ሙዕተዚላዎች አላህ ለሠራ መክፈል ግዴታው ነው ሲሉ፣ አሽዐሪዎች ደግሞ ምንዳው ሁሉ ችሮታ ነው፣ በአላህ ላይ ግዴታ የሚጥል የለም ብለው መለሱላቸው። የፔላጊዮስን ክርክር ላነበበ ሰው ጉዳዩ ይታየዋል።

ታዲያ ምንዳው ችሮታ ከሆነ ለምን እንደክማለን? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እግራቸው እስኪያብጥ ሌሊት ሲቆሙ፣ ያለፈውም የሚመጣውም የተማረልዎት ሆነው ሳለ ለምን ተብለው ተጠይቀዋል። አመስጋኝ ባሪያ መሆንን አይሹም እንዴ? መልሳቸው ይህን የሚል ነበር። እንግዲህ ሥራ የደሞዝተኛ ሥራ ብቻ አይደለም። የተሰጠውን ያየ ሰው ሥራ ነው።

አሁን ወደ ቆጠራው ልመለስ። ካቶሊኮች የመቶ ቀን ምሕረት እያሉ ይቆጥሩ ነበር ብዬ ስጽፍ ብዕሬ ተሰናከለብኝ። እኛስ? "አምስት ጊዜ ሐጅ ያደረገ"፣ "ሁለት መስጊድ ያሠራ" እያልን የሰው ሥራ የምንመዘግበው ማን ሹሞን ነው? መቁጠሩ ሥራን የሚያበረታታ ከሆነ መልካም። ነገር ግን የራሳችንን ቆጥረን የምንኮራ፣ የሌላውን ቆጥረን "ምን ይዞ ይሄዳል" የምንል ከሆነ፣ ጀነትን ሸጣችሁ ብለን ከምንስቅባቸው ሰዎች በምን ተሻልን? እነሱ እንኳ ቁጥሩን ከጸሎት መጽሐፋቸው አውጥተዋል።

በተቃራኒው "አላህ መሐሪ ነው" እያሉ ሶላትን ለሽምግልና ማቆየትም አለ። አጎቴ ሃያ ምናምን ዓመት ያለው ይህንኑ ነበር። ያመለጠው ጊዜ ቀላል አይደለም፤ እሱም በመጨረሻ ያለቀሰው በዚህ ነው። የእሱን አርባ ቀን አይቶ "እኔም ሲመሽ እመለሳለሁ" የሚል ካለ፣ አርባውን ቀን ማን ቃል ገባለት?

ከብዙ ቀን በኋላ ወደ አያቴ ሄድኩ። ስለ ትሬንትም ስለ አውጉስጢኖስም አልነገርኳትም። የነገርኳት ሱረቱ ተውባ ላይ ስለተጠቀሱት ከዘመቻ ስለቀሩት ሦስት ሰሐቦች ነው። ምድር ከስፋቷ ጋር ጠባቸው ነበር። አላህ እንዲመለሱ ብሎ አስቀድሞ እሱ ወደ እነሱ በምሕረቱ ተመለሰ። የባሪያው መመለስ ራሱ ከአላህ መመለስ በኋላ የመጣ ነው።

"እናም" አልኳት "አጎቴን በዚያ አልጋ ላይ ያነቃው፣ አርባ ቀን ዕድሜ የሰጠው፣ ምላሱን ለአውፍታ የፈታለት ማን ይመስልሻል? ይዞ የሄደው ጥቂት ነው። ጥቂቱንም የሰጠው እሱ ነው። የሰጠውን መልሶ ይንቀዋል ብዬ አልፈራም። ፍርዱ ግን የእሱ ነው፤ ዱዓ እናድርግለት።"

አያቴ ብዙ ሳትናገር ሙስበሓዋን አነሳች። ጓደኛዬንም በሚቀጥለው ሳምንት አግኝቼው ስለ ዶርሙ ንግግሬ "አውፍ በለኝ" አልኩት። "አስራ ምናምን ዓመት ቆይተህ?" ብሎ ሳቀ። አዎ፣ እኔም ዘግይቻለሁ።

አላህ ሥራችንን ኢኽላስ የሞላበት ያድርግልን፤ በሥራችን ሳይሆን በእዝነቱ ይቀበለን፤ የሞቱብንን ይማርልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።